ስህተቱን ደፍሮ የሚናገር ሠራተኛ አይቀጣ፦ ለመሥሪያ ቤታችን የበላይ አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ እና ለሥራ አመራር አባላት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የሲስተም ብልሽትን በግለሰብ ሠራተኛ ላይ የሚጥለውና የሶፍትዌር ቡድናችንን አሠራር የለወጠው ሰርኩላር እንዲነሣልን ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ክቡራትና ክቡራን የሥራ አመራር አባላት፣

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከከዚራ እስከ መልካ ጀብዱ ያሉ ደንበኞቻችን ወርሃዊ ሂሳባቸውን የሚከፍሉበትን ሲስተም የምንጽፈውና የምንጠግነው እኛ ነን። ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ሲባል ስልኩ የሚደወለው ለእኛ ነው። «አቦ እናንተ ደግሞ፣ ሁሌ ሲስተም የለም ነው?» የሚለውን የደንበኛ ምሬትም ገንዘብ ተቀባዮቹ ሳይቀንሱ ያደርሱልናል።

ቅሬታችንን አስቀድመን በመዋቅሩ በኩል በጽሑፍ አቅርበን ነበር። መልስ አልመጣም። ጉዳዩ የሚነካው እኛን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን በዚህ ሲስተም የሚከፍለውን ነዋሪ ጭምር ስለሆነ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠቀስንም፤ የምንፈልገው አሠራሩ እንዲስተካከል እንጂ የማንም ስም እንዲጎድፍ አይደለም።

ሰርኩላሩ አራት ነገር ይላል። ማንኛውም የሲስተም ብልሽት «ያደረሰው ሠራተኛ» ተለይቶ በደመወዙና በማኅደሩ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ፕሮግራመር በሳምንት በዘጋው ሥራ ብዛትና በጻፈው የኮድ መስመር ተመዝኖ ደረጃው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው የሚያይበት ልማዳችን «ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው» ተብሎ ቀርቷል። የዘገየውን አዲሱን የክፍያ ሲስተም እስከ ሰኔ 30 ለማድረስ ደግሞ ሰው ይጨመራል። የታሰበው ሥራ ለማፋጠን እንደሆነ ይገባናል። ሥራው ግን አልፈጠነም፤ ከዚያም አልፎ በቡድኑ ውስጥ ያልነበረ ዝምታ ገብቷል።

ከሁሉ የከበደንን እናስቀድም።

የሰርኩላሩ መነሻ የሆነውን ምሽት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወር ሊዘጋ ሲል ለአንዳንድ ደንበኞች ቢል ሁለት ጊዜ መቆረጡ ታወቀና «ዛሬውኑ ይስተካከል» ተባለ። ማስተካከያው አስቀድሞ የሚሞከርበት ሰርቨር ግን አልነበረንም። የነበረችን አንዲት የመሞከሪያ ማሽን ለሌላ ክፍል ከተሰጠች ቆይታለች። ስለዚህ ባልደረባችን ማስተካከያውን የጻፈው ገንዘብ ተቀባዮች በዚያው ሰዓት እየሠሩበት ባለው ዳታቤዝ (የደንበኞች ሂሳብ በተከማቸበት የመረጃ ቋት) ላይ ነው። ትእዛዙ የትኞቹን ደንበኞች ብቻ እንደሚነካ የሚወስነው መስመር ሳይገባ ቀረ፤ በአንድ ጊዜ የሁሉም ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ ተለወጠ።

ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ወዲያው ከወንበሩ ተነሥቶ «ዳታቤዙን አበላሽቼዋለሁ፤ ክፍያ አስቁሙ» አለ። መስኮቶቹ መቀበል አቆሙ። የዕለቱ መጠባበቂያ ቅጂ ወጣ። ቅጂው ከተነሣ በኋላ የገቡት ክፍያዎች ከደረሰኝ ቀሪ ጋር እየተመሳከሩ አንድ በአንድ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት መስኮት ላይ የመጣ ደንበኛ ሂሳቡን ትክክል አገኘው። ሰውየው ፈርቶ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ በተበላሸው ሂሳብ ላይ አዳዲስ ክፍያ ይደራረብበት፣ እውነተኛውን ከተበላሸው ለመለየት ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ለዚህ ሰው የተሰጠው ምላሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የደመወዝ ቅጣት ነው። የመሞከሪያ ማሽኗ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ማንም ማረጋገጫ የሁሉንም ደንበኛ ሂሳብ በአንድ ትእዛዝ እንዲለውጥ ሲስተሙ ለምን ይፈቅድለታል ብሎ የጠየቀም አላየንም።

ቅጣቱ ያስከተለውንም ሳንደብቅ እንናገር። ከሰርኩላሩ በኋላ አንድ ሌላ ባልደረባችን አንድ ችግር ያስተውላል። ደንበኛ በስልክ ሲከፍል ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሲስተሙ ያንኑ ክፍያ ደግሞ ይልካል፤ የመጀመሪያው ደርሶ ከነበረ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይሄድና ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ሲስተሙ አይቀበለውም። ባልደረባችን ግን ያንን ፋይል አልነካም፤ ለማንም አልተናገረም። በሰርኩላሩ መሠረት ፋይሉን መጨረሻ ላይ የነካ ሰው የችግሩ ባለቤት ይሆናላ። ጉዳዩ የወጣው ደንበኞች ደረሰኝ ይዘው ለአቤቱታ ሲመጡ ነው። ለምን ዝም አልክ ሲባል «ነክቼው በእኔ ላይ ቢፈረድብኝስ?» አለ። የምንመልስለት ነገር አልነበረንም።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። በዚህች ከተማ ላይ ሆኖ ጎርፍ መጣ ብሎ የሚጮህን ሰው፣ እንቅልፍ ነሣኸን ብሎ የሚቀጣ አለ? እኛ ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ይኸው ነው።

የሌላውን ዓለም ልምድ እንመልከት ከተባለም አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን አገልግሎት በሚሰጥ ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ማታ ላይ ሌላ ችግር ሲፈታ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ለመመለስ ሲሞክሩ አሉን ይሏቸው የነበሩት የመጠባበቂያ መንገዶች በሚያስፈልጉበት ሰዓት የማይሠሩ ሆነው ተገኙ። የደረሰላቸው ሌላ ሥራ ለመሞከር ተብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት የተነሣ ቅጂ ነው፤ በመካከል የገባው መረጃ ጠፋ። ኩባንያው ጥገናውን በቀጥታ ቪዲዮ ለሕዝብ አሳየ፣ ቀጥሎም ዝርዝር ዘገባ አወጣ። ዘገባው «ማን ሰረዘው?» ላይ አልቆመም። መጠባበቂያው ለምን በየጊዜው አልተፈተነም ብሎ ጠይቆ፣ ሥራው በኃላፊነት የተሰጠው ሰው ስላልነበረ ነው ሲል መለሰ። የእኛ ዳታቤዝ መጠባበቂያስ የማን ኃላፊነት ነው? እስከ ዛሬ በጽሑፍ የተሰጠው ሰው የለም፤ በዚያ ምሽት ቅጂው መሥራቱ በአብዛኛው ዕድል ነው።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። በደንብ የሚመሩትና የሚተባበሩት ቡድኖች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት የሚመዘግቡ ሆኑ። ነገሩ ሲጣራ የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ የተሳሳቱትን ስለሚናገሩ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ከሰርኩላሩ ወዲህ «የብልሽት ብዛት ቀንሷል» ይላል። እኛ ውስጡ ያለን ሰዎች ቁጥሩ ለምን እንደቀነሰ እናውቃለን።

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው እንለፍ።

በኮድ መስመር ብዛት ሰውን መመዘን ገና ዱሮ የተሞከረና የተሳቀበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ውስጥ ሥራ አስኪያጆች ፕሮግራመሮች በየሳምንቱ የጻፉትን የመስመር ብዛት በቅጽ እንዲሞሉ አዘዙ። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ቢል አትኪንሰን በዚያ ሳምንት የሠራው ፕሮግራሙን አሳጥሮ ይበልጥ እንዲፈጥን ማድረግ ስለነበር ቅጹ ላይ «ከዜሮ በታች 2000» ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጹን እንዲሞላ የሚጠይቀው አልነበረም። እኛ ጋ ግን ሰሌዳው አሁንም ተለጥፏል። በዚህ ወር ሰሌዳው ላይ መጨረሻ የወጣችው ባልደረባችን በሦስት ቦታ ተደጋግሞ የተጻፈውን የዘገየ ክፍያ ቅጣት ስሌት ወደ አንድ ያመጣችው ናት። የወለድ መጠን በተለወጠ ቁጥር አንዱ ቦታ እየተረሳ ሂሳብ የሚዛባው ከእንግዲህ ቀርቷል። መስመር ግን ቀንሳለች፤ ስለዚህ «ዝቅተኛ» ተባለች። ጀማሪዎቹን አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስተምረውም ሰው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ባጠፋው ሰዓት ልክ ወርዷል። አንደኛ የወጣውን አንወቅሰውም፤ አንዱን ሥራ አምስት ቦታ ቆራርሶ መመዝገብን ያስተማረው ሰሌዳው ነው።

መለኪያ አንፈልግም አላልንም። ዶራ በሚባለው የዘርፉ ጥናት ሰፊ ተቀባይነት ያገኙ አራት መለኪያዎች አሉ፦ ማሻሻያ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ለተጠቃሚ ይደርሳል፤ አንድ ማሻሻያ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ተጠቃሚው ጋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል፤ ከማሻሻያዎቹ ስንቶቹ ብልሽት ያስከትላሉ፤ ሲበላሽስ አገልግሎቱ በምን ያህል ጊዜ ይመለሳል። አራቱም የሚለኩት ቡድኑን ነው። አብሮ የሚሠራን ሰው ለየብቻ ደረጃ ካወጣንለት ነገ ጓደኛውን አይረዳም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ኮድ መተያየቱ መቅረቱ ደግሞ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት ነው። በ2015 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሳችሁ። አንድ ጀማሪ ባልደረባ የቀን መቀበያውን ሲጽፍ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ይዘጋዋል። በፈረንጅ ቀመር የተዘጋጁት መሣሪያዎች አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቁ ይህን ክፍል በእጅ መጻፍ ግድ ነው። ኮዱን ያየው አንድ ነባር ሠራተኛ «ጳጉሜ 6ስ?» አለ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን የነበረበት ነው። ያ ጥያቄ ባይነሣ ኖሮ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን አንድም መስኮት ደረሰኝ መቁረጥ ባልቻለ፤ ሰዉ ለበዓል ሲሯሯጥ እኛ ሲስተም ስንጠግን ባመሸን። ጥያቄው የወሰደው ጊዜ ቡና ከሚጠጣበት ያንሳል። የሚቀጥለው ጳጉሜ 6 የ2019 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ አዲሱ የክፍያ ሲስተም ያንን ቀን ማወቁን እስካሁን ሁለተኛ ሰው አላየውም።

መተያየቱ ከቀረ በኋላ ያመለጠንም አለ። በአዲሱ የደንበኛ ፍለጋ ገጽ ላይ «ሐሰን» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀሰን» ብለው ቢፈልጉት አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፊደላት የተለያዩ ናቸው። በዚህ ከተማ አንዱን ስም ጸሐፊው እንደለመደው በሁለትና በሦስት ዓይነት ፊደል ይጽፈዋል፤ የአንዳንዱ ሰው ሰነድም በአማርኛ፣ የአንዳንዱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ በላቲን ፊደል ነው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ስሙን ስታጣው እንደ አዲስ ደንበኛ መዘገበችው። አሁን ሁለት ሂሳብ ያላቸው፣ በአንዱ እየከፈሉ በሌላው ውዝፍ የሚቆጠርባቸው ሰዎች አሉ። አገልግሎት ይቋረጥብሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ሲመጡ አይተናል። ከእኛ መሃል በሦስቱም ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው አለ፤ ኮዱን አንድ ጊዜ እንዲያይ ቢደረግ በዓይኑ ሊይዘው ይችል ነበር።

«ለአንድ ሥራ ሁለት ሰው» ሲባል ብክነት ይመስላል፤ ሁለተኛ ሰው አለመኖሩ ስንት እንደሚያስከፍል ግን የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያ አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ ሲያስጭን አንደኛው ተረሳ። በተረሳው ሰርቨር ላይ ለዓመታት የተተወ አሮጌ ኮድ ተቀሰቀሰና ማንም ያላዘዘውን ግዢና ሽያጭ ያካሂድ ጀመር። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ኩባንያው ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ የገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ካገኛቸው ጉድለቶች አንዱ ጭነቱን ሁለተኛ ሰው እንዲያረጋግጠው የሚያዝ የተጻፈ አሠራር አለመኖሩ ነው።

ሰው ስለመጨመሩ ብዙ አንልም። አዲስ የተመደቡት ወጣቶች ጎበዞች ናቸው፤ ደስ ብሎን ተቀብለናቸዋል። ነገር ግን የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይቢኤምን ትልቅ ፕሮጀክት የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደጻፈው የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል። አራት ሰው እርስ በርሱ ለመነጋገር ስድስት መስመር ይበቃዋል፤ አሥር ሰው ሲሆን መስመሩ 45 ይደርሳል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት ደግሞ ሥራውን መጨረስ የነበረባቸው እነዚያው ነባሮቹ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ የተቀጠሩ ተብለው ቢያዙ ጥሩ ነው፤ ሰኔ 30ን ግን አያደርሱልንም። ቀኑን ለመድረስ ያለው መንገድ መጀመሪያ የሚወጣውን ክፍል ማሳነስ ነው፤ ለምሳሌ ክፍያ መቀበሉን ብቻ አስቀድሞ፣ የሪፖርቱን ክፍል ለሐምሌ ማቆየት። ይህን ሐሳብ በቃል አቅርበን «ሙሉው ነው የሚፈለገው» ተብለናል።

ማሻሻያ የሚለቀቅበት ቀንና ሰዓት ሌላው ችግራችን ነው። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ከሠራተኛው ግማሹ መንገድ ላይ ነው፣ የስልክ መስመር ይጨናነቃል። ባለፈው ጊዜ በዋዜማው ማታ አዲስ ማሻሻያ እንድንለቅ ታዘዝን። ምክንያቱ ለበላይ አካል የሚቀርበው ሪፖርት ላይ «ተጠናቋል» ለማለት ነበር። ሲስተሙ ቆመ። የሚያውቀው ሰው ቁልቢ መንገድ ላይ ስለነበር ስልኩ እስኪያዝ ድረስ ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ነው፤ የድሬ ሙቀት በበረታበት፣ ሰው ሁሉ ለዕረፍት በተዘጋጀበት ሰዓት ማሻሻያውን ለቀን ቅዳሜን ስንጠግን እንውላለን። (የሰርቨር ክፍሉን ኤሲ ነቅሎ አዳራሽ ውስጥ የተከለው ክፍል ይህን ካነበበ፣ ማሽኖቹም እንደ ስብሰባ ተሳታፊ ይሞቃቸዋል።) የሲስተም ጥገና ሌሊት ላይ ሲሳሳት ምን እንደሚያመጣ አገሩ ሁሉ አይቶታል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር ተያይዞ በተፈጠረው ችግር ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ባንኩ ራሱ የገለጸው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት አቅሙ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ እንዲህ ያለ ኪሳራ የምንሸከምበት ጫንቃም የለንም።

ሁለት ነገር ቀርቶናል፤ በአጭሩ እንናገራቸው።

የዋናው ሰርቨር የይለፍ ቃል የሚታወቀው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ለቅሶ ቢሄድም፣ ቢታመምም፣ ሌሊትም ይደወልለታል። ተራ የለም፣ አበል የለም፣ በማግስቱ የሚያርፍበት ሰዓት የለም። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ነው። ሥራ ቢለቅ በጽሑፍ የቀረ ነገር ስለሌለ መሥሪያ ቤቱ አብሮት የሚያጣውን ቆም ብላችሁ አስቡት።

የመሞከሪያ ሰርቨር ስለሌለን ደግሞ እውነተኛ የደንበኞችን መረጃ፣ ስምና ስልክ ቁጥር ሳይቀር፣ በፍላሽ ገልብጠን በግል ላፕቶፓችን ላይ እንድንሞክር በቃል ይነገረናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የመሥሪያ ቤቱ ተጠያቂነት ጭምር ነው። ላፕቶፑ ባጃጅ ላይ ተረስቶ ቢቀር በሰርኩላሩ መሠረት የሚቀጣው የረሳው ሠራተኛ ይሆናል፤ በቃል ያዘዘው ኃላፊ ስሙ የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በባልደረባችን ላይ የተጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከማኅደሩ ወጥቶ የተቆረጠበት ደመወዝ እንዲመለስለት። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህ ሳይሆን ሌላው ቢፈጸም በቡድኑ ውስጥ የሚናገር ሰው አይኖርም። ሆን ብሎ ያጠፋ፣ የሰረቀ ወይም መረጃ የሸጠ ሠራተኛ በሕጉ ይጠየቅ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ከእንግዲህ ብልሽት ሲደርስ በሳምንቱ ውስጥ የሚመለከታቸው ሁሉ፣ ኃላፊዎችም ጭምር፣ ተቀምጠው ምን ሆነ፣ ሲስተሙ ለምን ፈቀደ፣ ምን ይለወጥ የሚለውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ፤ የሚለወጠውም ነገር ባለቤትና ቀን እንዲሰጠው።

የደረጃ ሰሌዳው እንዲነሣ፤ በምትኩ ከላይ የጠቀስናቸው አራት የቡድን መለኪያዎች በየወሩ እንዲቀርቡ። መረጃውን ማዘጋጀት የእኛ ሥራ ይሁን።

ማንኛውም ኮድ ሌላ ሰው ሳያየው ወደ ሥራ እንዳይገባ የሚያዝ አጭር ደንብ ጸድቆ እንዲሰጠን። የደንቡን ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ አንድ ገጽ ነው።

የመሞከሪያ ሰርቨር እንዲገዛ ወይም የተወሰደችው ማሽን እንድትመለስ፤ በእርሷ ላይም የሚሞከረው ስምና ስልክ በተለወጠበት መረጃ ብቻ እንዲሆን። መጠባበቂያ ቅጂውን በኃላፊነት የሚይዝ ሠራተኛ በደብዳቤ እንዲመደብ፣ በየወሩም ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መሥራቱ እንዲረጋገጥ።

ከዓርብ ቀትር በኋላ፣ በበዓላት ዋዜማ እና በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት አስቸኳይ ጥገና ካልሆነ በቀር ምንም ማሻሻያ እንዳይለቀቅ። የሌሊት ጥሪ በተራ እንዲሆንና አበሉ በሕጉ መሠረት እንዲከፈል። የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ቢያንስ ለሦስት ሰው እንዲታወቅ ሆኖ በአግባቡ እንዲያዝ። የሰርቨር ክፍሉ ኤሲም ወደ ቦታው እንዲመለስ።

ሁለት ሂሳብ የተከፈተባቸውን እና ክፍያቸው ሁለት ጊዜ የተመዘገበባቸውን ደንበኞች ለይተን ለማስተካከል የሚያስፈልገን ጊዜ ከአዲሱ ሲስተም ሥራ ላይ ተቀንሶ እንዲሰጠን። ማስተካከያው እስኪያልቅ ድረስ በእነዚህ ደንበኞች ላይ የአገልግሎት ማቋረጥ እርምጃ እንዳይወሰድ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል እንዲታዘዝልን።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ ለመነጋገር ሥራ አመራሩ በሚመርጠው ቀን ለመቅረብ ዝግጁ ነን። መልሱ ግን የአዲሱ ሲስተም የሥራ መርሐ ግብር ከመጽደቁ በፊት በጽሑፍ እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የሶፍትዌር ልማትና ጥገና ቡድን አባላት
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ለፋይናንስ ክፍል
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ለሠራተኞች መሠረታዊ ማኅበር